በመስጊድ ደጃፍ፣ ማተብ በአንገቱ

የወሎዋ ትርንጎ ጂዛን አጠገብ ወዳለችው የዓረብ ከተማ፣ አሐድ አል-መሳርሐ የገባችው ለቤት ሠራተኝነት ነው። ቤቱን ከአሠሪዋ የአትክልት እርሻ የሚለየው አንድ ግንብ ብቻ ነበር። ከግንቡ ማዶ፣ በየመን በኩል ያለ ወረቀት የገባው ውብሸት ቲማቲም ይለቅማል። ሰው የለም ብሎ ሲያምን ድምፁን ይለቃል፦

ከግንቡ ባሻገር የምታጥቢ ልብስ፣
ነፍሴን ዘፍዝፊያት እስክትለሰልስ።

እሷም ልብሱን እዘፈዘፈችበት ትታ ትሰማዋለች። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ የሰው አገር፣ በአፍ መፍቻዋ የሚያንጎራጉርላት እሱ ብቻ ነው፤ እንዴት አትወድ? ወደደች፤ ወደደችና ጸነሰች።

ሆዷን በሰፊ አባያ ሸፈነችው። መዳሟ በእንግዶቿ ፊት «ሩዛችን ተስማማሽ መሰለኝ!» እያለች ትስቅባት ነበር። ቤተሰቡ ለሰርግ ጂዛን ባደረ ዕለት፣ ሰገነቱ ላይ ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ፎጣ ነክሳ ወንድ ልጅ ወለደች።

ውብሸት ግንቡን ዘሎ መጣ፤ ልጁን ግን አላቀፈውም።

«ስሚኝ የኔ ዓለም፤ ጎህ ሲቀድ መስጊዱ በር ላይ አስቀምጭው። ሰጋጆቹ አንስተው ማሳደጊያ ያስገቡታል። እኛ አሽ-ሹቀይቅ እንወርዳለን፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ ሌላ እንወልዳለን።»

«ሌላ? ልጅ እንደ ቲማቲም ነው እንዴ፣ አንዱን ጥለን ሌላ የምንለቅመው?»

«ታዲያ አብረን እንታሰር?»

ጎህ ሲቀድ በፎጣው ጠቅልላ ወሰደችው። ደጃፉ ላይ ስታስቀምጠው ግን አንጀቷ እንቢ አላት። ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ማተብ እንደማይታሰር ታውቃለች፤ ግን ቄስ ከየት ይምጣ? ልብሷ ስር ከደበቀችው ከራሷ ጥቁር ክር በጥርሷ በጥሳ አንገቱ ላይ አሰረችለት።

«እመብርሃን፣ በዚህ እወቂው» ብላ ተመለሰች።

ያወቀው ግን ፖሊስ ነው። ጥቁር ክር በአንገት ማሰር የሐበሻ ክርስቲያን ልማድ መሆኑን እዚያ አገር ያልሰማ የለም። ሐበሻ ሠራተኛ ያለበትን ቤት ሁሉ ማንኳኳት ጀመሩ። ትርንጎ ወሬውን ስትሰማ ወጥ ቤት ተደብቃ ደወለችለት።

«ክር አሰርሽለት? አብደሻል?» አለ ውብሸት። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «በገዛ እጅሽ ነው! እኔ ወደ አድ-ዳኢር ተራራ እየወጣሁ ነው። ቁጥሬን ከስልክሽ አጥፊው፤ ኸላስ፣ በቃ!»

«ልጅህ እኮ ነው፣ ውቤ…»

«ማን አየ?»

ስልኩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኑን የታቀፈች ሴት ፖሊስ ሳሎን ገባች።

«ያንቺ ካልሆነ ወደ ሥራሽ ተመለሺ፤ እሱም ማሳደጊያ ይገባል። ያንቺ ከሆነ ግን እስር ቤት፣ ከዚያ አገርሽ።»

«አይደለም በይ አንቺ!» ጮኸች መዳም። «ረመዳን ደርሷል፤ ሳምቡሳውን ማን ይጠብስልኛል?»

ሕፃኑ አለቀሰ። ድምፁ ከጠዋት ጀምሮ በማልቀስ ሰልሏል።

ትርንጎ እጆቿን ዘረጋች። «ስጪኝ፤ ርቦታል።»

መዳም በጥፊ አጮለቻት። ትርንጎ ጉንጯን እንኳ ሳትዳብስ ልጁን ተቀብላ ጡቷን አጎረሰችው።

«የአባቱ ስም?» አለች ፖሊሷ።

ውብሸት ብትል ተራራው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይይዙታል።

«ትርንጎ።»

«እሱማ ያንቺ ስም ነው!»

«አዎ። አብሬው ያለሁት እኔ ነኝ።»

ልጁን እያጠባች ያለችውን ትርንጎን ፖሊሷ ትከሻዋን ገፍታ ወደ መኪናው ነዳቻት።