በር የሌላት ከተማ

ትናንት አንዲት እናት ወደ መጽሐፍ መሸጫዬ ገብታ፣ «ለሴት ልጄ ስዕል የበዛበት የምናብ ታሪክ ምረጪልኝ» አለችኝ። ክንፍ ያላት ግመል የተሳለችበትን መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋት። በዚያው ቅጽበት ደጅ ከቆመው ባጃጅ የማሾ ጆንያ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ ሸዋ ሮቢት በተኩስ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ማሾ ነጋዴው አባቴ መስኮቱን በጆንያ ደፈነው፤ መውጣት ቀርቶ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ሆነ። ቤቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ከአጣዬ ለንግድ መጥተው መመለሻ ያጡት ጋሽ ሰይድም አብረውን ታጎሩ። ለልጃቸው የገዙትን ይህንኑ መጽሐፍ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ያነቡልኝ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ በር ከሌላት ከተማ ለማምለጥ በግመሏ ትበራለች። ግመሏ ግንቡ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጋሽ ሰይድ መጽሐፉን ይዘጉታል።

«አንድ ገጽ እኮ ነው የቀረው!» እላቸዋለሁ።

«እሱን ልጄ ትግለጠው» ይላሉ፣ ኔትወርክ የሌለውን ስልካቸውን እያዩ። «እሷ ሳታየው እኔ አልጨርሰውም። ኢንሻአላህ ደህና ናት።»

ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

መንገዱ ሲከፈት መጽሐፉን በፎጣቸው ጠቅልለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

«መጨረሻው ያምራል?» አለችኝ ሴትየዋ። መልሴን ሳትጠብቅ የመጨረሻውን ገጽ ልትገልጥ ስትል መጽሐፉን ከእጇ ነጠቅኳት።

«እሱን ልጅዎ ትግለጠው።»