ውሃ የሚጠጣ ጨርቅ

ታጥቦ የጠራ ሳህን እንደገና በጨርቅ እንደሚወለወል ያወቅሁት ጣሊያኖች ቤት ተቀጥሬ ነው። ባደግሁበት በቂርቆስ ዕቃ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደፋል፣ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ክረምት ከሆነ ደግሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሲኞራዋ በመጀመሪያው ቀን ጨርቅ ስትሰጠኝ፣ ሳህኑ አልጠራም ማለቷ ነው ብዬ መልሼ አጠብኩት። እሷም ጨርቁን መልሳ ሰጠችኝ። እኔም መልሼ አጠብኩ። በመጨረሻ ሳህኑን ከእጄ ወስዳ ራሷ ወለወለችው። ቆሜ እያየኋት፣ እንዴት ያለ ሥራ ፈት ሕዝብ ነው አልኩ በልቤ።

ቤቱ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች አዲስ ከተሠሩት አንዱ ነበር፤ ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ሰፈር ማለት ነው። ባሏ ቢሮ ይውላል፣ እሷ ከእኔ ጋር ወጥ ቤት ትውላለች። የእኔ ጣሊያንኛ ቁርጥራጭ፣ የእሷም አማርኛ ያው ቁርጥራጭ ነበር፤ ነገር መመርመር ግን ሁለታችንም ስለምንወድ ተግባባን። የወለወልኩትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ታነሳና ጣቷን ትቀስራለች፤ እዚህ ጋ የክር ብናኝ፣ እዚያ ጋ የውሃ ጠብታ ምልክት። ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣቻቸው የተልባ እግር ጨርቆች ተበልተው አልቀዋል። እዚህ የገዛቻቸው ፎጣዎች ደግሞ ውሃውን ከዳር ወደ ዳር ያንሸራሽሩታል እንጂ አይጠጡትም። መጀመሪያ ሳቄን እያፈንኩ ነበር የምሰማት። ኋላ ግን እኔም ብርጭቆ ወደ ብርሃን ማንሳት ጀመርኩ።

አባቴ ያን ጊዜ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ከርሞ ነበር። የት እንዳለ አናውቅም፤ ለሰው ደግሞ አናወራም፣ እንዲህ ያለ ወሬ በዚያ ዘመን ቤት ያስቃጥላል። እናቴ ግን ኩታውን አጥባ አጥፋ አስቀምጣ፣ አንድ ቀን መጥቶ "ኩታዬን አምጪ" እንደሚላት ትጠብቅ ነበር። አንድ የክረምት ማለዳ ብርዱ ሲጠና ያንን ኩታ ደረበችልኝ።

"አደራ፣ የአባትሽ ነው" አለችኝ።

ሥራ ቦታ ደርሼ፣ ሐሳቤ ሌላ ጋ ሆኖ፣ እርጥብ ብርጭቆ በኩታው ጫፍ ወለወልኩ። ሳነሳው ብርጭቆው በእጄ ያለ አይመስልም፣ እንዲያ ጠራ። ሲኞራዋ የኩታውን ጫፍ ያዘችና ጣቷን ውሃ ነክራ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት። ጠብታዋ ወዲያው ጠፋች። ደግማ ጣለች፣ ደግሞም ጠፋች። ከዚያ ወደ ጓዳ ሮጣ አዲስ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። ብርድ ልብሱን ለእኔ፣ ኩታውን ለእሷ፤ እንዴት ቆራርጣ የዕቃ መወልወያ እንደምታደርገው በሁለት ጣቷ እንደ መቀስ እያደረገች አሳየችኝ። ዛሬውኑ ከገበያ የተሻለ አመጣለሁ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች፤ ኩታውን ግን ወጥ ቤቱ ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ገበያ ውስጥ ያላየሁት ጨርቅ የለም። ጣቴን እየነከርኩ በየጣቃው ላይ ጠብ አደርጋለሁ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ታግሶ ታግሶ፣ "እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታጠምቂው?" አለኝ። አቡጀዲው ላይ ጠብታዋ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብላ ተቀመጠች። ነጋዴው ራሱ ጎንበስ ብሎ አያትና፣ አሚዶ ስላለው ነው፣ ስታጥቢው ይለቃል አለኝ። ወደ ቂርቆስ ዞሬ ጎረቤታችን ሸማኔ ዘንድ ገባሁ። ገና ከሸማ ዕቃው የወረደ ኩታ ነበረው፤ ጥጡ ያው ጥጥ፣ አሠራሩ ያው አሠራር። ጠብታዋ እዚያም ላይ ተቀመጠች። ይህ በጣም ገረመኝ።

"አዲስ ሸማ ከውሃ ጋር አይተዋወቅም" አለኝ ሸማኔው። "ሲታጠብ፣ ሲታጠብ ነው የሚለምደው።"

የአባቴን ኩታ ውሃ ያስለመደችው እንግዲህ እናቴ ናት፣ በዚያ ሁሉ ዓመት እጥበት። ይህ በየትኛው ሱቅ ይሸጣል? ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሲኞራዋ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅታ ነበር። ኩታውን ከሚስማሩ ስታወርድ፣ "የአባቴ ነው" አልኳት፣ ሌላ የምለው አጥቼ።

"አባትሽ የት ነው?" አለችኝ።

ባሏ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። እውነቱን ብናገር ምን እንደሚከተል አውቃለሁ።

"ሞቷል" አልኩ።

ሲኞራዋ መቀሱን አስቀመጠች። አማተበች፤ ኩታውን አጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ማታ ለእናቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። "አንቺ ሟርተኛ፣ በአፍሽ ገደልሽው?" አለችኝ። ኩታውን ከትከሻዬ ገፍፋ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ በኋላ እኔን ማናገር ትታ የምትፈልገውን ሁሉ ለምድጃው ነበር የምትነግረው፤ ምድጃው እንጨት እንዲያመጣ፣ ምድጃው በር እንዲዘጋ።

እናቴ ግን ሲኞራዋ ኩታውን መልሳ እንዳትመኘው ፈራች መሰለኝ፣ በሦስተኛው ቀን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ "ያቺ ሴትዮ የፉርኖ ዱቄት ከረጢት የላትም?" ብላ ምድጃውን ጠየቀችው። ከረጢቶቹን አመጣሁ፤ ጥጥ ናቸው። በአመድ ውሃ ቀቀለቻቸው፣ ከቂርቆስ ዝቅ ብሎ ወዳለው ወንዝ ወስዳ በእንዶድ እየረገጠች አጠበቻቸው፣ አስጥታ ደግሞ ቀቀለቻቸው። እኔ ጠብታዬን እጥላለሁ። መጀመሪያ ላይ ጠብታዋ ቁጭ አለች፤ በሌላ ቀን ጋደም አለች፤ አንድ ቀን ጣቴን ሳላነሳ ጠፋች። ሮጬ ሄጄ እናቴን አሳየኋት። ደስታዋን ለምድጃው እንኳ አልነገረችም፣ ግን ራሷም አንድ ጠብታ ጥላ አየች።

ሲኞራዋ በዚያ ጨርቅ የወለወልኩትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስታ ጣቷን ቀሰረች፤ የምትጠቁመው አጣችና ጣቷን መለሰችው። እንዴት እንደተሠራ ስትጠይቀኝ እግሬን አንስቼ ወለሉን ረገጥኩላት። አብረን ሳቅን።

እየዋለ እያደረ እናቴ ታናግረኝ ጀመር። የአባቴን ስም ግን ፊቴ አታነሳም፣ ኩታውንም ዳግመኛ አልደረበችልኝም። እንዲህ እንዳለን ጣሊያን ወጣ።

አባቴ አንድ አመሻሽ ላይ ጢሙ ደረቱ ደርሶ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ውሃ አምጥታ አስታጠበችው፣ ሣጥኗን ከፍታ ኩታውን ሰጠችው። ፊቱን ሲያብስበት እኔ ውሃው ሲጠፋ ነበር የማየው። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"አባባ፣ እኔ እኮ ገድዬዎት ነበር" አልኩት፣ ሁሉንም ነገርኩት።

"ታዲያ ሞቼ ምን አተረፍኩ?" አለ።

"ኩታዎን" አልኩት።

እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እንባውንም በዚያው ኩታ አበሰ። እናቴ ኩታውን ከእጁ ተቀበለች። ወደ ሣጥኑ የምትወስደው መሰለኝ። እሷ ግን እኔ ዘንድ መጥታ ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ፣ ጫፉ ገና እርጥብ ነበር።

"ልበሺው፣ ይበርዳል" አለችኝ።