ብናኝ መስመር አይመርጥም

ተነሣች! ኮምፒውተሯ ተነሣች! ይኼንንም የምጽፈው በእሷው ላይ ነው።

የአጎቴ ነበረች፤ ስክሪኗ ከኪቦርዱ የሚነቀል፣ ወረታ ውስጥ ሁለተኛዋን ያላየሁላት። የድሮው ሲስተሟ ሲበላሽ አጎቴ፣ «እስከ ቅዳሜ ካስነሣሻት ያንች ናት፤ ካልሆነ ለመለዋወጫ ትፈታለች» አሉኝ። እኔ ደግሞ ታሪክ መጻፍ እንደምችል ገና ዘንድሮ ነው ያወቅሁት፤ እሱንም በእናቴ ስልክ፣ እየተነጠቅሁ።

በድሮው ሲስተም ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጭንባት፣ እሱን የያዘ ፍላሽ ሰካሁ። ነጫጭ ጽሑፍ ወረደ፣ ወረደና ድርቅ አለ።

«ብናኝ ነው» አሉ አጎቴ። የሩዝ መፈልፈያ አላቸው፤ ኮምፒውተሯም የምትውለው እዚያው ነው። ፎገራ ላይ ስልክም ሬዲዮም ሲበላሽ ጥፋተኛው የሩዝ ብናኝ ነው። ሦስት ጊዜ በብሩሽ ጠረግኋት። ከቁሐር ሩዝ ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት፣ «በሰፌድ አበጥሪያት እንጂ!» ሲሉ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቀኑ ሐሙስ ነበር።

በአራተኛው የቆመችበትን የመጨረሻ መስመር ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። አጥፍቼ ከፈትኋት፤ እዚያው መስመር። ደገምሁ፤ አሁንም እዚያው።

«አጎቴ፣ ብናኝ ቢሆን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ አያቆማትም ነበር?»

የመፈልፈያውን ቀበቶ ማጥበቅ ትተው አዩኝ። «እሱስ እውነትሽን ነው። ብናኝ ምን ቀጠሮ ያውቃል!»

መስመሩን በእናቴ ስልክ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። ለካ ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ ክፍል፣ የዚችን ብርቅዬ ማሽን የድምፅ ቺፕ ይጠራል፤ ቺፑ አይመልስም፤ እሱም መልስ እየጠበቀ ይቀራል። የዚች ዓይነት ያለው አንድ ሰው መፍትሔውን ጽፎታል፦ ሲነሣ ቺፑን እንዲዘለው በአንድ አጭር ትእዛዝ መንገር።

ዓርብ ትእዛዙን ጻፍሁ። ያችን መስመር አለፈች! ጭኜ ጨርሼ እንደገና ስከፍታት ግን ድርቅ። ለካ የነገርሁት ለፍላሹ ብቻ ነው። ለተጫነውም ነገርሁት፤ በቋሚነት እንዲይዘውም አደረግሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ራሳቸው ከፈቷት። ተነሣች።

«ድምፅ ግን የላትም» አልሁ።

«ተያት። አንች ለሁለት ትበቂያለሽ» ብለው አስታቀፉኝ።

እናንተም አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ መፈልፈያው ይዛችሁ ኑ፤ ሚዛኑ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። መጥረጉን ተዉትና የቆመበትን የመጨረሻ መስመር በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ።