ፖምፓ ያዥ

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ በዚያ ልጅ እቀና ነበር። ቀላል ቅናት እንዳይመስላችሁ። ሲያፏጭ እንኳ ሆዴ ቅጥል ይል ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ሮቤ ላይ አሥራ አንድ ሆነን የብስክሌት ክለብ አቋቁመን ነበር። ብስክሌት ስል ከአንዱ ጎማ፣ ከሌላው ፍሬን እየተለቃቀመ የተገጣጠመ ነው። የኔው፣ ፖስታ አመላላሽ የነበረው አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ጥቁር ብረት ነበር፤ ዳገት ላይ እኔ ነበርኩ እሱን የምሸከመው። ከኛው አንዱ የሆነው ያ የምቀናበት የጎባ ልጅ ግን ጨርቅ ነጋዴው አባቱ ያስመጣለት ቀይ ኮርስ፣ የውድድር ብስክሌት፣ ነበረው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ። ጠዋት ጠዋት ከጎባ ቁልቁለቱን እያፏጨ ይወርድና፣ እኛ ገና ጎማ ስንነፋ፣ "አካም ቡልታን?" ብሎ እንዴት አደራችሁ ይለናል።

ኩራተኛ ቢሆን እኮ ተመችቶኝ እጠላው ነበር! አንድ ቀን እቤታችን መጥቶ ለእናቴ እንጨት ፈልጦላት ሄደ። "እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው! አንተስ?" አለችኝ። አንተስ! በገዛ ቤቴ!

አሠልጣኛችን አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። ክለቡ ያለው የጎማ መንፊያ ፖምፓ አንድ ብቻ ስለሆነ ሕግ አወጡ። ፖምፓው ከሁሉ ኋላ ይመጣል ተብሎ የሚታሰበው ሰው ብስክሌት ላይ ይታሰራል። ያ ሰው ጎማ የተነፈሰበት ጓደኛውን ካየ፣ ልምምድም ይሁን ውድድር፣ ወርዶ ይነፋለታል። አልፎ የሄደ ከክለቡ ይወጣል። እንግዲህ ማን ላይ የታሰረ ይመስላችኋል?

"አባባ፣ ጅራት አደረጉኝ እኮ!" አልኳቸው።

"ወገበ ጠንካራ ስለሆንክ ነው" አሉ፤ ፊታቸውን አዙረው ሲስቁ ግን አየኋቸው። "ደግሞ ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል። ቅናበት፤ ቀንተህ ቅደመው።"

ገብሱ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን የማጣሪያ ውድድር መጣ፤ ከሮቤ እስከ ዲንሾ። የአጋርፋ ልጆችም ይወዳደራሉ። አንደኛ የወጣ ክፍለ ሀገሩን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም። ከዚያ በላይ ግን፣ እሱ ደርሶ ሲመለስ ሮቤ በሙሉ ወጥቶ ሲያጨበጭብለት እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ።

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ስንዴ የጫኑ የመንግሥት እርሻ መኪኖች አቧራ አለበሱን። ገበሬዎቹ ከየማሳው "ጃባዳ! በርቱ!" ይሉናል። እሱ ገና ሮቤን እንደወጣን ጥሎን ሄዷል። እኔ፣ ፖምፓ ያዡ፣ በዚያ ብረት ሁለተኛ ሆንኩ! እግሬ አይደለም የነዳኝ፤ ቅናት ነው።

ዲንሾ ሲቃረብ፣ አንድ ሜዳ ላይ፣ ቀዩ ኮርስ ተገልብጦ አየሁት። ስለታም ድንጋይ ጎማውን በልቶታል። ልጁ ጎማውን ለጥፎ፣ መልሶ አስገብቶ ጨርሷል፤ የቀረው ንፋስ ብቻ ነው። የምመጣው እኔ መሆኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

"አልሃምዱሊላሂ! አንተ ነህ!"

የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ሰይጣን አሳተኝ ብዬ ላሳብብ እችል ነበር፤ አይ፣ እኔው ነኝ።

"ፖምፓው!" ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። ሁለተኛ አልጠራኝም።

ዲንሾ አንደኛ ገባሁ። ትከሻ ላይ አወጡኝ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር "ጎበዝ፣ ጓድ!" ብሎ ጨበጠኝ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ገቡ። እሱ ከሁሉም በኋላ ኮርሱን እየገፋ በእግሩ መጣ። አባባ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ይሄ እኮ ተለጥፏል። ፖምፓ ያዡ አላገኘህም?"

ልጁ እኔን አየኝ፣ ጎማውን አየ።

"እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፣ አባባ። የአጋርፋ ልጆች እየደረሱብን ነበር።"

ይሄ ልጅ "ወላሂ" ሳይል ወሬ አይጨርስም፤ ወላሂ ራበኝ፣ ወላሂ በረደኝ ነው። አባባ ዓይን ዓይኑን እያዩ ጠበቁት። አልማለም።

ከዚያ አባባ ወደኔ መጡና ፖምፓውን ከብስክሌቴ ፈትተው ለሱ ሰጡት። ያ ሁሉ የተመኘሁት ነገር ሆነልኝ፤ ጅራት መሆን ቀረ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ስንተኛ እንደወጣሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ስመለስ መናኸሪያው ላይ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር፤ ፖምፓው ኮርሱ ላይ ታስሯል።

ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ በሱ ቦታ ብሆን እዋሽለት ነበር? አልዋሽለትም ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። በቀዩ ኮርስ መቅናቱ ድሮ ወጣልኝ። ያቺን ውሸት ያለ ወላሂ ለኔ ሲል በዋሸ አፉ ግን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ዛሬም እየቀናሁ ሆዴ ቅጥል ይላል።