ሻምበል ጃርሶ የወጣበት ዓርብ

በጦር የያዙትን የሰው ከተማ ቀድሞ መልቀቅ ጥፋት ሊሆን አይችልም፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ በመዘግየት ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም በነጌሌ ቦረና ብቻውን በሚኖረው በጡረተኛው ሻምበል ጃርሶ ሀንጋሳ ሕይወት ሳይፈተን ሊጸና አይገባውም።

ጃርሶ በ2001 ዓ.ም. ከዶሎ ማዶ፣ በሶማሊያ ምድር፣ አንዲት አነስተኛ ከተማ የያዘ ጦር አዛዥ ነበር። ከተማዪቱ የምትጠጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ጦሩም የሰፈረው በዚያው ዙሪያ ነበር። የውኃውን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ሳቢር የተባለ የአገሩ ተወላጅ ሲሆን ለወታደሮቹም ያስተረጉም ነበር። ሳቢር ኦሮምኛ አቀላጥፎ ይናገራል። በዚያ ስፍራ ጃርሶን በልጅነት ቋንቋው የሚያዋራው ሌላ ሰው አልነበረም።

ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ ጦሩ ይወጣል፤ በወሩ ውስጥ የሚወጣበትን ቀን አዛዡ ራሱ ይመርጣል፤ ለማንም አይነገርም። ጃርሶ አላመነታም። መቆየቱ ለማንም እንደማይበጅ ቀድሞም ያምን ነበር። የቀረበውን ዓርብ መረጠ፤ ሕዝቡ ለስግደት ሲሰበሰብ መንገዱ ባዶ ይሆናል።

በዚያው ሳምንት ሳቢር ወደ ካምፑ መጣ።

«ናጋ፣ ጃርሶ። የሞተሩ ቺንጋ፣ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ተበልቶ አልቋል። ዶሎ ሄጄ ልግዛ፤ ፎዚያንና ልጆቹንም እግረ መንገዴን ዘመድ ጋ ላድርሳቸው።»

«ቺንጋ ለመግዛት ቤተሰብ ሁሉ ይሄዳል?»

«ሚስቴን አታውቃትም። ብቻዬን ከሄድኩ ሌላ ሊያገባ ነው ትላለች።»

ጃርሶ ሳቀ። ሳቢር ግን አልሳቀም።

«ወሬ እየሰማን ነው» አለ። «የምትነሡ ከሆነ ንገረኝ። እናንተ ቦረናዎች ከሰፈር ስትነሡ ጉድጓድ ለሚጋራችሁ ጎረቤት ትናገሩ የለም?»

«ወሬ ነው። ቺንጋውን እንደምንም ሰፍተህ እስከ ሰኞ አቆየው።»

የከለከለበት ምክንያት ደካማ አልነበረም። የሞተሩ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ሲወጣ ከታየ ከተማው የጦሩን መነሣት ያውቃል፤ ያወቀም መንገድ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል። ሳቢር ከሞተሩ አጠገብ እስከ ታየ ድረስ ግን ሁሉ ነገር እንደ ወትሮው ነው። ጃርሶ ይህን አሰበ፤ ማሰቡንም ጥንቃቄ ብሎ ጠራው። በኬላው ያሉትንም ሳቢርን እንዳያሳልፉ አዘዘ።

ዓርብ ወጡ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። በጉድጓዱ አጠገብ ሲያልፉ ሳቢር እጁ በዘይት እንደ ጠቆረ ከሞተር ቤቱ ብቅ ብሎ ቆመ። ጃርሶ ፊቱን አላዞረም።

በማግስቱ የታጠቁ ሰዎች ከተማዪቱን ያዙ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ለጦሩ የሠራው ማን እንደ ሆነ ነበር። ሳቢርን እዚያው ሞተሩ አጠገብ ገደሉት። ጃርሶ ይህን ለዓመታት አላወቀም ማለት ትክክል አይሆንም፤ አልጠየቀም።

ጡረታ ወጥቶ ወደ ነጌሌ ተመለሰ። ሚስቱ ጠጂቱ ሞተች፤ ልጆቹ ኑሯቸውን ቡሌ ሆራ አደረጉ። ከሰው የቀሩት አብረውት ዘምተው የነበሩ ጥቂት ወታደሮች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ እየመጡ በደጁ ይቀመጣሉ፤ ለአላፊ አግዳሚውም «ሁላችንንም በሰላም ያወጣን አባታችን» እያሉ ያስተዋውቁታል። ያንን መስማት ይወድ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በገበያ የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ጠራችው።

«አካም፣ ሻምበል።»

«ከየት ታውቂኛለሽ?»

«የሳቢር ሚስት ነኝ፣ ፎዚያ። የደንብ ልብስዎን ከእሱ ልብስ ጋር አብሬ አጥብ ነበር። ያኔ ወፈር ይሉ ነበር፤ ሳሙና ጨርሰውብኛል።»

ስለ ሳቢር ጠየቃት። ነገረችው። ጃርሶ ለወተት የያዘውን ባዶ ጀሪካን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዘግይተን ብንወጣ የባሰ ደም ይፈስ ነበር» አለ።

«ስለ መውጣታችሁ ማን ከሰሰዎት? ስትገቡም አልጠራናችሁም። እኔ የምጠይቅዎ ስለ ቺንጋው ነው። ለምን ከለከሉት?»

«ከተማው ያውቅብን ነበር።»

«እንግዲያው መጋረጃ አደረጉት።»

ጀሪካኑን ተቀብላ ሞላችለት። «ይሂዱ እንግዲህ፤ ሰው ተሰልፏል» አለችው።

በዚያው ቀን ጓደኞቹ እንደ ወትሮው መጥተው ውዳሴያቸውን ሲጀምሩ ጃርሶ አቋረጣቸው።

«ያወጣኋችሁ ሳቢርን አስቀምጬ ነው። ሞቷል።»

አንደኛው «ጦርነት ነው እኮ፣ ሻምበል» አለ።

«ለእሱ አልነበረም። እሱ የውኃ ሠራተኛ ነው።»

ውዳሴው በተነሣ ቁጥር ይህንኑ ይደግምላቸው ነበር። ሰዎቹ በሰላም መመለሳቸው እንደ ወንጀል እየተቆጠረባቸው መሰላቸው፤ አንድ በአንድ ቀሩ። አሁን ጃርሶ በደጁ ብቻውን ይቀመጣል። የልጅነት ቋንቋው በከተማው ሁሉ ይሰማል፤ እርሱን ግን የሚያዋራው የለም። «ጦርነት ነው» በሚለው ቃል ለመሸሸግ እንቢ ማለቱን እቆጥርለታለሁ። ከዚህ የበለጠ የምቆጥርለት የለም።

የመነሻውን ፍርድ አልሽርም፤ ቀድሞ መውጣቱ ትክክል ነበር። ወታደሮቹ በሰላም መመለስ ይገባቸው ነበር፤ ተመልሰዋል። ለሳቢር ይገባው የነበረው ከዚያ ዓርብ በፊት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ኬላውን የማለፍ ፈቃድ ነው። አልተሰጠውም።