ጠማኝ ባይዋ አበባ

ሰውዬው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ የሚስቱን ድስት እየከፈተ «ጨው አንሶታል» ሲል ሴት ልጁ መላ መታች፤ መታወቂያ የምታህል ኮምፒውተር ከነሽቦዋ ገዝታ አመጣችለት።

«መሪ ከማዞር ይቀላል አባዬ» አለችው።

አልቀለለውም። አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ለማድረግ ጀርባው እስኪጎብጥ አቀረቀረ። ስትበራለት ግን ጎረቤት ጠርቶ አሳየ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ድስቱንም ረሳው፤ ሚስቱም እፎይ አለች።

ቀጥሎ ዓይኑን በረንዳ ላይ ባለችው የሚስቱ አበባ ላይ ጣለ። የአፈር እርጥበት የሚለካ ሴንሰር ሥሯ ላይ ሻጠ፤ ከኮምፒውተሯ ጋር በሽቦ አገናኘው፤ ትንሽ ስፒከር ጨመረና አፈሩ ሲደርቅ እንድትናገር የገዛ ድምፁን ቀዳላት፦ «ኧረ ውሃ ጠማኝ! ስለ ፈጣሪ፣ ውሃ!» ሲያበራው ዝም አለች። «ጠግባለች ማለት ነው» ብሎ ደስ እያለው ወደ ገበያ ወጣ።

ሚስቱ እንደ ልማዷ አበባዋን አጠጥታ ሻወር ገባች። ሳሎን የተቀመጡት እናቷ ድንገት የአማቻቸውን ልመና ከበረንዳው ሰሙ። ብርጭቆ ሞልተው ሮጡ። ሰው የለም! የምትለምነው አበባዋ ናት።

«እግዚኦ!» አሉ። ቢሆንም የጠማው የጠማው ነው ብለው አፈሰሱላት። ጭራሽ ባሰባት። በጆግ ደገሙ። ጮኸች። ባልዲ አመጡ።

«አንቺ፣ ሆድ ነው ጉድጓድ ያለሽ?»

ታች ያለችው ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ላይ ውሃው ሲወርድባት «እናንተ የላዮቹ፣ ምን ጉድ ነው?» እያለች ትጮሃለች። ሹፌሩ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። አማቱ በባልዲ ያፈሳሉ፤ የራሱ ድምፅ ይማጸናል። ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ።

«ተዋት እንጂ ልጄ፣ ገና አልረካችም!»

ለኮምፒውተሯ የጻፈውን ትእዛዝ መልሶ ሲያየው ለካ ደረቁን እርጥብ፣ እርጥቡን ደረቅ አድርጎታል። ከሻወር የወጣችው ሚስቱ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። እሱ ግን አፍሮ ወረደና የጎረቤቷን ልብስ እንደገና አጥቦ አሰጣ።

አበባዋ አልተረፈችም፤ ሥሯ በሰበሰ። አማቱ ግን «ለእኔም ቤት ግጠምልኝ» አሉት። «ድምፁ ብቻ ያንተ አይሁን። ወንድ ውሃ አምጪ ሲለኝ የኖርኩት ይበቃኛል።»

በእሳቸው ድምፅ ቀዳላቸው። እሳቸው ቤት ያለችው አበባ ሲጠማት አትለምንም፤ ትቆጣለች፦ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?»