መርዶ ይዞ ወደ አላስካ

እማማ ጥሩወርቅ የሞቱት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ልጃቸው ሙዓዊያ ያለው አላስካ፣ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መርዶው የመጣው ግን ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ለምንኖረው ለእኛ ነው። ስማቸው የክርስቲያን ይምሰል እንጂ እማማ አምስት ወቅት ሶላታቸውን ሳያጓድሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የወሎን ሰው ይህ አይገርመውም። በፈረንጆች 2009፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ የሙዓዊያ እህት ኢልሀም ወደ ፈክረዲን ደወለች። አልቅሳ ሲወጣላት አንድ አደራ ሰጠችው።

«ወንድሜ ብቻውን በስልክ እንዳይሰማ። ሰው ሆናችሁ ንገሩት።»

ፈክረዲን «እሺ» አለ። ያን ጊዜ እሺ ያለው ምን እንደሆነ አላወቀም።

እዚህ ዳላስ ለመርዶ የራሳችን ሥርዓት አለን። ሱብሒ እንደተሰገደ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ሦስት አራት ሆነን በሩን እናንኳኳለን። አንዳችን ለአለቃው ደውለን ኦፍ እንጠይቅለታለን። ሴቶቹ ምግብ ይዘው ከኋላ ይደርሳሉ። በሰው አገር በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ያላሳጣን አላህ ምስጋና ይግባው። ሙዓዊያ ካለበት ግን እንኳን ሦስት አንድም ሐበሻ የለም።

ፈክረዲንን ለማያውቀው ልንገረው። የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ሻትል ሾፌር ነው። መንገደኛ ከማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ ሲያመላልስ ሰባት ዓመቱ። የሰው ሻንጣ እያነሣ «መልካም መንገድ» ሲል ይውላል፤ እሱ ራሱ ግን አሜሪካ ከገባባት ቀን ወዲህ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም። እዚሁ አጠገባችን አርሊንግተን ሰርግ ሲጠራ እንኳ መንገዱን አንድ ቀን ቀድሞ ሄዶ ያየዋል። ብርድ ደግሞ ጠላቱ ነው። ሙዓዊያ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ማንንም አያውቅም ነበር፤ ፈክረዲን ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ስምንት ወር አኖረው፣ መንዳት አስተማረው፣ ዌርሃውስ ሥራ አስገባው። ልጁ ሥራው ሰልችቶት ወደ ሰሜን ሲሄድ ሻንጣውን የጫነለትም እሱ ነው። ኢልሀም እሱን የመረጠችው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ፈክረዲን ቤት ተሰበሰብን። እኔ ነበርኩ፣ የደሴው ልጅ ታክሲ ነጂው ፍቃዱም ነበር። ፍቃዱ ከኢንተርኔት ፕሪንት ያደረገውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«በመኪና ስንት ነው?» አለ ፈክረዲን።

«ወደ ሰባ ሰዓት።»

«ሰባት?»

«ሰባ! ያውም ሳትተኛ፣ ካናዳን ከላይ እስከ ታች አቋርጠህ። እሱም አንኮሬጅ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።»

«መንገድ የለም ማለት?»

«የለም ነዋ! ባሕርና ተራራ ነው። በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚገባው፤ እሷም ጉም ካለ አትነሣም። አንዳንዱ ሦስት ቀን ኤርፖርት ተኝቶ ይጠብቃል ይላል።»

የፈክረዲን ሚስት መስዑዳ የልጆቿን የትምህርት ቤት ካርታ ይዛ መጣች። «ምን ታስፈራሩታላችሁ? ይኸው፣ ከቴክሳስ ወደ ታች፣ ሜክሲኮ አጠገብ ነው እኮ! እዚህ ምን ብርድ አለ?»

«መስዑዳዬ፣ ወረቀቱ ጠቧቸው ነው እዚያ ሳጥን ውስጥ የከተቱት» አለ ፍቃዱ። «አገሩ ወዲያ ላይ ነው፤ ከወረቀቱ ውጭ።»

ፈክረዲን ካርታውን ተቀብሎ አገላበጠው። «ራሳቸው ቦታው ላይ ያላስቀመጡትን አገር እኔ እንዴት አድርጌ አገኘዋለሁ?»

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ተደራረበ። ምን ብሎ ይሂድ? ፍቃዱ «ለሽርሽር በለው» አለ። በየካቲት? «ለበረዶ።» ፈክረዲን ለበረዶ? ልጁ የሚያድረው ከአምስት ባዕድ ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ነው፤ ታዲያ ለቅሶው የት ሊቀመጥ ነው? ሥራው አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው፤ ንጋቱስ እዚያ መቼ ነው? መስዑዳ ምግብ ይዤ ልሂድ ብላ ተነሣች፣ መልሳ ተቀመጠች። ቢያንስ ሦስት ሆነን መሄድ እንዳለብን ብቻ ተስማማን፤ እሱን ማንም አልተከራከረበትም።

ፈክረዲን ዓስር ላይ የመስጊዳችንን ሼኽ ጠየቀ። ሼኹ በለሰለሰ ቃል መለሱለት፤ ልጅ የእናቱን ሞት ማወቅ አለበት፣ አታዘግዩበት፣ በስልክም ቢሆን ነውር የለውም አሉት። ከመስጊድ ሲወጣ ከገባበት ይልቅ ግራ ተጋብቶ ነበር። ኢልሀም በስልክ አይሁን ብላለች። ሼኹ ፍጠኑ ብለዋል። አውሮፕላኗ ጉም ካለ አትነሣም። በዚህ መሐል ደግሞ ሐይቅ የደወለ አንድ ሰው አፉ አምልጦት ልጁን ዓሣ እየከተፈ ሊያረዳው ይችላል። ፈክረዲን ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው በማግስቱ ዓይኑ ይናገር ነበር።

እሑድ ረፋድ መንገዱን ከራሱ ከሙዓዊያ ጠይቆ ለመረዳት ቆረጠ። እኛ ከበን ተቀመጥን። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሙዓዊያ።»

«ወዓለይኩም ሰላም! ጋሼ! ብሬክ ላይ ነው ያገኘኸኝ። ሰላም ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ልመጣ ነው።»

«የት?»

«አንተ ጋ።»

ልጁ ሳቀ። ከኋላው የማሽን ጩኸት ይሰማል። «አንተ? ጋሼ ፈክረዲን? በሐምሌ ኤሲ አጥፉልኝ የምትለው ሰውዬ?»

ፍቃዱ አፉን በእጁ ያዘ።

«ለሽርሽር ነው» አለ ፈክረዲን። «በረዶ ለማየት።»

«ሶ፣ ለምን በሰመር አትመጣም? አሁን እኮ ምንም አይታይም፤ ንፋስ ብቻ ነው።»

«አይ፣ የሚመቸን አሁን ነው።»

«የሚመቸን? ከማን ጋር ነህ?»

ፈክረዲን ወደ እኛ አየ። «ከፍቃዱ ጋር... ከአናስም ጋር።» አናስ እኔ ነኝ።

«ሦስት ሆናችሁ?»

«አዎ። ብቻ፣ ማለቴ... ጠዋት ለሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው? አለቃህስ ስልክ አለው?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ለራሱ የገባው። ሙዓዊያ ዳላስ በነበረ ጊዜ ሁለት ቤት አብሮን መርዶ ሄዷል። የአንደኛውን ሰው አለቃ ደውሎ ያነጋገረው ራሱ ነበር፣ እንግሊዝኛው ይሻላል ተብሎ።

የማሽኑ ጩኸት እየራቀ ሄደ፤ ልጁ ከሰው ገለል ማለቱ ነበር።

«ጋሼ» አለ። «ማን ነው?»

ፈክረዲን አፉን ከፈተ። መዋሸት አያውቅበትም፤ እውነቱን በስልክ እንዳይናገር ደግሞ አደራ አለበት። «አይ... ማለቴ... ሙዓዊያ...»

«ቆይ! ቆይ፣ አትንገረኝ!» ድምፁ ተሰበረ፣ ከዚያ ተመለሰ። «ስም አትጥራ። እዚህ ያሉት ስሜን እንኳ አስተካክለው አይጠሩም። አሁን ብትነግረኝ ማን ይይዘኛል? ና። መጥተህ ንገረኝ።»

«እመጣለሁ። ኢንሻአላህ እመጣለሁ፣ ልጄ።»

«ሦስት አትሁኑ ግን። አውሮፕላኗ የምትይዘው ዘጠኝ ሰው ነው፤ ሦስት ወንበር ባንዴ አታገኙም። አንተ ትበቃኛለህ። የምትጽፍበት አለህ?»

መስዑዳ እርሳስ አቀበለችው። ያን ሁሉ ሰዓት እኛ ያልፈታነውን መንገድ ልጁ እያረፈ፣ አንዳንዴም አፍንጫውን እየሳበ ነገረው። አንኮሬጅ ሲወርድ ወዴት እንደሚታጠፍ። የትንሿ አውሮፕላን ሰዎች ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን እሱንም እንደሚመዝኑት። «እንዳትደነግጥ፣ ሁሉንም ነው የሚመዝኑት። ጃኬት አትግዛ፤ የእኔን ትርፍ ከአብራሪው ጋር እልክልሃለሁ። ጉም ከሆነ እዚያው ጠብቅ። እኔም እጠብቃለሁ።»

«እሺ። እሺ።»

«ጋሼ፣ እስክትመጣ ለሁሉም ዱዓ አደርጋለሁ። ለእናቴም፣ ለአባቴም፣ ለኢልሀምም። ማን እንደሆነ አላህ ያውቀዋል።»

መስዑዳ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ብሬኩ አልቆ ስልኩ ተዘጋ።

ፈክረዲን በጻፈው ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ተራ በተራ አየን።

«እናንተ» አለ፣ «አሁን እኔ ነገርኩት ነው ወይስ አልነገርኩትም?»

ሼኹ ቢኖሩ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ፍቃዱ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ስቦ ትኬት ሲፈልግ ቆየ።

«ማክሰኞ ጠዋት አለ» አለ። «አንድ ወንበር።»

«ያዘው» አለ ፈክረዲን።